ባቡር በመዝጊያ ላይ፦ ስለ ርካሽ መሠረት፣ ስለ ትንሽ ሐዲድና ስለ ምህንድስና ትምህርት

(የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች መጫወቻ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምናገረው በተራ የቤት ውስጥ መዝጊያ ላይ ስለሚሠራ የሞዴል ባቡር መስመር ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ የመዋቅር፣ የመንገድ ቅየሳ፣ የኤሌክትሪክና የምጣኔ ትምህርቶች ተያይዘው ይገኛሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁላችንንም የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለበት፦ ገንዘብ ባነሰበት ቦታ የተግባር ትምህርት በምን ላይ ሊቆም ይችላል? ንግግሬን በዚህ ጥያቄ ዙሪያ አደርጋለሁ።

፩. የነገሩ አመጣጥ

የሞዴል ባቡር ሥራ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቆየ ልማድ ነው። ሠሪዎቹ የሚለያዩት በመጀመሪያ በመረጡት ምጣኔ፣ በተለምዶ ስኬል በምንለው ነው። በጣም የተስፋፋው ኤችኦ የሚባለው ሲሆን፣ ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያንሳል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ርቀትም 16.5 ሚሊሜትር ነው። ከእርሱ ያነሰው ኤን ይባላል። ይህን ምጣኔ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለገበያ ካቀረቡት መካከል ቀዳሚው የጀርመኑ የኑረምበርግ ድርጅት አርኖልድ ነበር። የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊሜትር ነው፤ ኤን የሚለው ፊደልም በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች «ዘጠኝ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያ ድምፅ የተወሰደ ነው። 9 ሚሊሜትርን በ160 ብናባዛው 1,440 ሚሊሜትር እናገኛለን፤ ይህም ከዓለም አቀፉ መደበኛ የሐዲድ ስፋት፣ ከ1,435 ሚሊሜትር፣ የሚለየው በእጅጉ ጥቂት ነው።

የባቡሩ መጠን እንዲህ ሲያንስ መስመሩ የሚዘረጋበት ጠረጴዛም ሊያንስ ቻለ። በአሜሪካ ያሉ ሠሪዎች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ እጅግ ቀላል ነው። ወደ እንጨት መደብር ሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ማጠፊያና ቁልፍ ያልተገጠመለት የመኝታ ቤት መዝጊያ ይገዛሉ። ቁመቱ 203 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ እንደ ምርጫቸው ከ61 እስከ 91 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 35 ሚሊሜትር ያህል ነው። መዝጊያውን አጋድመው በሁለት መደገፊያ ላይ ያሳርፉታል፤ ጠረጴዛው በዚሁ አለቀ። እንጨት መሰንጠቅ፣ መላግና ማጋጠም የሚጠይቀው የቀድሞው አሠራር የብዙ ቀናት ሥራ ነበረ፤ አሁን ግን አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ በሚያስገባው ዕቃ ተተካ።

፪. መዝጊያው ለምን አይጎብጥም?

የመዋቅር ተማሪዎች እዚህ ላይ ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። ይህን መዝጊያ ብንሰነጥቀው ምን እናገኛለን? ከላይና ከታች እያንዳንዳቸው 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ስስ ገበታዎች፤ በዙሪያው ቀጭን የእንጨት ክፈፍ፤ እጀታው በሚገባበት ቦታ ቁራጭ ድፍን እንጨት፤ በመካከሉ ደግሞ እንደ ማር እንጀራ በክፍት ክፍት የተሠራ ተራ ወረቀት። ወረቀቱን ብቻውን በጣታችን ብንጫነው ይደቃል። ታዲያ ጥንካሬው ከየት መጣ?

መልሱ በስሌት ይገኛል። የአንድ ገበታ የመጉበጥ ግትርነት ከውፍረቱ ሦስተኛ ንሴት ጋር ያድጋል። ሁለቱን ባለ 3 ሚሊሜትር ገበታዎች ሳናጣብቅ አንዱን በሌላው ላይ ብናስቀምጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ስፋት የሚኖራቸው የኢነርሺያ ሞመንት በድምሩ 4.5 ነው። አጣብቀን አንድ ባለ 6 ሚሊሜትር ገበታ ብናደርጋቸው ወደ 18 ከፍ ይላል። እነዚያኑ ገበታዎች ሳንጨምርና ሳንቀንስ በ29 ሚሊሜትር አራርቀን በመሐላቸው ያለው ወረቀት እንዲያያይዛቸው ብናደርግ ግን ቁጥሩ 1,540 ይደርሳል። ይህም ከተጣበቀው ገበታ ከ85 እጥፍ በላይ፣ ካልተጣበቁት ደግሞ ከ340 እጥፍ በላይ ነው። ወረቀቱ ራሱ በመጠኑ ስለሚላላ በተግባር የሚገኘው ጥቅም ከዚህ ያንሳል፤ የመርሑ አቅጣጫ ግን አይለወጥም።

እንግዲህ ወረቀቱ የሚሠራው ሥራ ሸክሙን በጉልበቱ መሸከም አይደለም። ሥራው ሁለቱ ገበታዎች እንዳይቀራረቡና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት መጠበቅ ነው። ገበታዎቹ ደግሞ አንዱ እየተጨመቀ ሌላው እየተወጠረ ሸክሙን ይካፈላሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ መዋቅር የተነገረ ይመስላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የበረረው የእንግሊዞቹ ደ ሃቪላንድ ሞስኪቶ አውሮፕላን አካል የተሠራው በዚሁ መርሕ ነበር፤ በሁለት ስስ የእንጨት ገበታዎች መካከል ቀላሉ የባልሳ እንጨት ገብቶበት። የአውሮፕላን መሐንዲስም የመኝታ ቤት መዝጊያ ሠሪም የሚታዘዙት ለአንድ ሕግ ነው።

ከዚህ ሁለት የተግባር ትእዛዛት ይወጣሉ። አንደኛ፣ በመዝጊያው ላይ ወንዝ ወይም ሸለቆ ለማሳየት ሲባል ገበታውን መቅደድ አይገባም፤ የተቀደደ ገበታ መወጠርም መጨመቅም አይችልም። ሸለቆ የሚፈልግ ሰው ከመዝጊያው በላይ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የፖሊስታይሪን ፎም ዘርግቶ ሸለቆውን ከፎሙ ውስጥ ይቆፍራል። ሁለተኛ፣ ብሎን በስሱ ገበታ ላይ አይያዝም፤ የሚይዘው በዙሪያው ያለው ክፈፍ ነው። እግር ወይም መደገፊያ ማሰር ያስፈለገው ሰው ይህን ክፈፍ መፈለግ አለበት። መዝጊያውን ማሳጠር ግድ ከሆነ ደግሞ የተከፈተው ጫፍ ውስጥ የሚገባ ዘንግ እንጨት አዘጋጅቶ በኮላ መልሶ መድፈን ይገባል፤ አለበለዚያ ጫፉ ክፈፍ አልባ ሆኖ ይቀራል።

፫. መደገፊያው የት ይቁም?

ብዙ ሰው ጠረጴዛ ሲያስብ እግሮቹን ከአራቱ ማዕዘናት ላይ ያቆማል። ዓይን የለመደው ይህንኑ ነውና አይፈረድበትም። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። በርዝመቱ ሁሉ እኩል ሸክም የተሸከመ ዘንግ ከሁለት ጫፎቹ ሲደገፍ፣ በመካከሉ የሚደርስበት የማጉበጥ ሞመንት ከፍተኛ ይሆናል። ሁለቱን መደገፊያዎች ከየጫፉ የርዝመቱን 21 በመቶ ያህል ወደ ውስጥ ብናስገባቸው፣ ሞመንቱ ወደ አንድ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ጨምረን 22 በመቶ ላይ ብናደርሳቸው ደግሞ የመካከሉ መርገብ ቀድሞ ከነበረው ወደ አንድ ሃምሳኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ለ203 ሴንቲሜትር መዝጊያ ይህ ማለት መደገፊያዎቹን ከየጫፉ 45 ሴንቲሜትር ያህል ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ ያለውን ውበት ልብ በሉ። አንድ ሳንቲም አልተጨመረም፤ አንድ እንጨት አልወፈረም። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው። ተማሪ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ካየው በኋላ በመዝጊያ ላይ ደግሞ በገዛ ዓይኑ ሊያየው ይችላል፤ አንድ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥሮ፣ መጽሐፍ ደርድሮ፣ በማስመሪያ መለካት ይበቃዋል። ደግሞም ከመደገፊያው በላይ የሚወጠረው የላይኛው ገበታ፣ በመሐል የሚወጠረው ግን የታችኛው መሆኑን ይረዳል። ሁለቱንም ገበታዎች ከመቅደድ መቆጠብ ያለብን ለዚህ ነው።

፬. በሁለት ሜትር ውስጥ ምን ይገባል?

አሁን ወደ መንገድ ቅየሳው እንለፍ። ባለ 91 ሴንቲሜትር መዝጊያ ላይ 38 ሴንቲሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ብንዘረጋ፣ በየጎኑ 7 ሴንቲሜትር ተኩል ይተርፈናል። ሁለት ግማሽ ክቦችን በሁለት 112 ሴንቲሜትር ቀጥተኛ መስመሮች ብናገናኝ ዙሪያው 4.6 ሜትር ይሆናል። በ160 ሲባዛ 740 ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በእውነተኛው ዓለም በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ ነው ብንል፣ በሞዴሉ ላይ በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ያህል መጓዝ አለበት፤ ዙሩን የሚጨርሰውም በ44 ሰከንድ ነው። የመጫወቻ ባቡር ከሞዴል ባቡር ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ይከንፋል፣ ሁለተኛው ይጓዛል።

38 ሴንቲሜትሩ ኩርባ በእውነተኛ መጠኑ 61 ሜትር ራዲየስ ብቻ ነው። ይህን ያህል ጠባብ ኩርባ ለከተማ ትራም እንጂ ለረጅም ርቀት ባቡር የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሠሪው ገና ከጅምሩ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎችን መጎተት ይተዋል፤ አጫጭር የዕቃ ፉርጎዎችንና ትንሽ ሎኮሞቲቭን ይመርጣል፤ የሚያሳየውም የዋናውን መስመር ታላቅነት ሳይሆን የአንዲት ትንሽ ከተማን ጣቢያ ወይም የአንድ ፋብሪካ ቅርንጫፍ መስመር ይሆናል።

ሌላው ፈተና ከፍታ ነው። ብዙ ጀማሪዎች አንዱን መስመር በሌላው ላይ በድልድይ ማሳለፍ ይመኛሉ። በኤን ምጣኔ ለዚህ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍታ ያስፈልጋል። ዳገቱን 3 በመቶ ብናደርገው ለመውጣት ብቻ 167 ሴንቲሜትር፣ ለመውረድ ደግሞ ያንኑ ያህል ይፈጃል። ከ4.6 ሜትሩ ዙር 3.3 ሜትሩ ዳገትና ቁልቁለት ሆነ ማለት ነው። ጣቢያውስ የት ይቁም? ፉርጎ በዳገት ላይ ፈትተው ቢያቆሙት ይንሸራተታል። ድልድዩን የመረጠ ጣቢያውን ያጣል፤ ጣቢያውን የመረጠ ድልድዩን ይተዋል።

ይህ ምርጫ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ የደረሰውና በ1917 አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው የኢትዮ-ጂቡቲ ምድር ባቡር፣ በ784 ኪሎሜትር ርዝመቱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ወጥቷል። በአማካይ ሲሰላ በየኪሎሜትሩ 3 ሜትር ያህል ነው። አማካይ ግን አሳሳች ነው፤ ተራራ በአማካይ አይወጣምና። ቀያሾቹ በረሃውንና ሸለቆውን እየዞሩ ርዝመትን ከፍለው ከፍታን የገዙበት ሒሳብ፣ በመዝጊያ ላይ 5 ሴንቲሜትር ለመውጣት ከሚታገለው ተማሪ ሒሳብ ጋር በዓይነቱ አንድ ነው። ያንን ሙሉ መስመር በ160 ብናሳንሰው እንኳ ወደ 4.9 ኪሎሜትር ይረዝማል። ሞዴል ማለት እንግዲህ መተው ማለት ነው፤ የሠሪው ዕውቀት የሚለካውም በምን ትቶ ምን እንዳስቀረ ነው።

፭. ከመዝጊያ እስከ ሐዲድ

ስለ አሠራሩ ቅደም ተከተል በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ መዝጊያው በስድስቱም ፊት ቀለም ይቀባል። እንጨት እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አንደኛው ፊት ተቀብቶ ሌላው ቢቀር ሁለቱ ገበታዎች በተለያየ መጠን ይንቀሳቀሱና መዝጊያው ይጣመማል። ቀጥሎ ፎሙ ይለጠፋል። እዚህ ላይ የማጣበቂያው ዓይነት ወሳኝ ነው፤ ኃይለኛ አሟሚ ያለበት ማጣበቂያ ፎሙን ይበላዋል፣ ውኃ ነክ የእንጨት ኮላ ግን አይጎዳውም። ከዚያ የመስመሩ ንድፍ በወረቀት በሙሉ መጠኑ ተሥሎ በፎሙ ላይ ይነጠፋል፤ በቡሽ ንጣፍ ላይ ሐዲዱ ይዘረጋል። በሐዲዶቹ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ክፍተት ይተዋል። የሁለት ሜትር ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር የሚረዝመው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ቢሆንም፣ ለዘጠኝ ሚሊሜትር ሐዲድ ያ መጠን ባቡር ለማውጣት በቂ ነው።

ኤሌክትሪኩ የራሱ ትምህርት አለው። በተለመደው አሠራር ሁለቱ ሐዲዶች እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ጅረት ያመላልሳሉ፤ የባቡሩ አቅጣጫ የሚለወጠው ዋልታዎቹ ሲለዋወጡ ነው። ሐዲዶቹ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ ኒኬል ሲልቨር ከሚባል የመዳብ፣ የዚንክና የኒኬል ቅይጥ ነው። ይህ ቅይጥ ለጅረት ያለው ተቃውሞ ከመዳብ ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ከምንጩ ርቆ የሚገኘው ባቡር ይደክማል። መፍትሔው ከመዝጊያው በታች ወፍራም የመዳብ ሽቦ መዘርጋትና ከእርሱ በየቦታው ቀጫጭን መጋቢ ሽቦዎችን ወደ ሐዲዱ አውጥቶ መበየድ ነው። ሽቦዎቹን በመዝጊያው ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ለማሳለፍ የሚሞክር ሰው ከወረቀቱ ጋር ይታገላል፤ ቀጥ ያለ ቀዳዳ ከላይ እስከ ታች በስቶ ማሳለፍ ይቀላል። ትንሽ ቀዳዳ ገበታውን እንደ ትልቅ ቅድ አይጎዳውም።

አንድ የአመክንዮ ፈተና ልጨምር። መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ ተመልሶ ቢገጥም፣ ቀኝ ሐዲድ ከግራ ሐዲድ ጋር ይገናኛል፤ ሾርት ይፈጠራል። ቀላሉ ዙር መስመር ይህ ችግር የለበትም። የት ላይ ሐዲዱን ማቋረጥና ዋልታውን መገልበጥ እንደሚገባ ማወቅ፣ ለኤሌክትሪክ ተማሪ ከብዙ ገጽ መልመጃ የሚበልጥ ፈተና ነው።

፮. ሞዴሉ የማይነግረን

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ወሰኑንም መናገር ይገባኛል። ሞዴል መልክን እንጂ ሁሉንም ሕግ አያሳንስም። ርዝመት በ160 ሲያንስ ስፋት በ25,600፣ ይዘት ደግሞ በ4,096,000 ያንሳል። 80 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ በትክክል ቢሳነስ ክብደቱ 20 ግራም እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ ቀልሎ ግን ፉርጎ መጎተት ስለማይችል ሠሪዎቹ ሆን ብለው ያከብዱታል። በተመሳሳይ ምክንያት የሞዴል ድልድይ የራሱን ክብደት የመሸከም አቅሙ ከእውነተኛው በ160 እጥፍ ይበልጣል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ ያስረዳን ይህንኑ ነው። በመዝጊያ ላይ የቆመ ድልድይ በወንዝ ላይ ይቆማል ብሎ የሚያምን ተማሪ ብናወጣ ጥፋቱ የሞዴሉ ሳይሆን የመምህሩ ነው።

፯. ለእኛ ምን ይበጃል?

እ.ኤ.አ. በ1946 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተመሠረተ የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ነበር፤ ዛሬም አለ። ከአባላቱ ገሚሶቹ የሚወዱት ከጠረጴዛው በላይ ያለውን መልክዓ ምድር ሲሆን፣ ሌሎቹ ግን ከጠረጴዛው በታች ያለውን የሽቦና የስልክ ሪሌ ድርና ማግ ነበር። እነዚህ ከታች የሚሠሩት ተማሪዎች በ1950ዎቹ መጨረሻ በተቋሙ ወደነበሩት ኮምፒውተሮች ተሻገሩ፤ ስቲቨን ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ ዛሬ «ሀከር» የምንለው ባህል ከመነጨባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ክፍል ነው። ማንም መምህር ያን ውጤት በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ አላቀደውም። የነበረው ነገር እጅ የሚነካው፣ ቢበላሽ የሚጠገን፣ ቢያስፈልግ የሚፈርስ ሥራ ነበር።

እኛ ብዙ ጊዜ የተግባር ትምህርት የሚጎድለው ውድ መሣሪያ ስለሌለን ነው እንላለን። አባባሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ውድ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከመስተዋት ጀርባ ይቀመጣል፤ እንዳይበላሽ ተማሪው አይነካውም። መዝጊያ ግን ማንም አይሳሳለትም። አንድ ቡድን በስህተት ቢቀድደው ስህተቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል፣ ሌላ መዝጊያም ይመጣል። የሐዲዱና የሎኮሞቲቩ ዋጋ ከመዝጊያው እንደሚበልጥና ከውጭ የሚመጣ መሆኑን አልዘነጋም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ደረጃ ያለው ነው፦ በመጀመሪያ መዝጊያውን፣ መደገፊያውንና የመርገብ ልኬቱን፤ ቀጥሎ በወረቀት የመስመር ቅየሳውን፤ በመጨረሻ አንድ ባቡርና ጥቂት ሜትር ሐዲድ ለመላው ክፍል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች አናጺ ቤት ካለን ዛሬውኑ ሊጀመሩ ይችላሉ።

ሁለተኛው ጥቅም የመዘገብ ነው። የቀድሞው መስመራችን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ነበረ፤ አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊሜትር ነው። የቀድሞውን በሞዴል ማሳየት የሚፈልግ ሰው በ87 ምጣኔ 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ይጠቀማል፤ ይህ ሐዲድ በስዊዘርላንድ ላሉት ባለ አንድ ሜትር መስመሮች ሞዴል ሲባል በገበያ ላይ ያለ ነው። ጣቢያውን ግን የሚሸጥልን የለም። የለገሃርን ወይም የድሬዳዋን ጣቢያ በመዝጊያ ላይ ለማቆም ተማሪው ሄዶ መለካት፣ በራፉንና መስኮቱን መቁጠር፣ የጣሪያውን ዘንበል ማስላት፣ እዚያ የሠሩ አረጋውያንን መጠየቅ አለበት። ሞዴሉ ቢጠፋ እንኳ ልኬቱ በእጃችን ይቀራል። ሕንፃዎች እየፈረሱ በሚታደሱበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የንግግሬን ፍሬ በአንድ ሐሳብ ልቋጭ። የመዝጊያው ታላቅ ስጦታ ርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን ዳርቻ ያለው መሆኑ ነው። ሁለት ሜትር ላይ ያበቃል። ክፍል የሚሞላ መስመር የጀመረ ሰው ዓመታትን ቆጥሮ ሳይጨርሰው ሊቀር ይችላል፤ በመዝጊያ የጀመረ ግን ለመጨረስ ተስፋ አለው፤ ሲያሰኘውም ሁለተኛ መዝጊያ ከጎኑ ያስጠጋል። ለተመራቂ ጽሑፍም፣ ለምርምርም፣ ለአገር ሥራም ቢሆን መጠኑን ያወቀ ጅምር ከዳርቻ የለሽ ዕቅድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሞዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።